በእፍኝ ወይስ በሚዛን?

ባለቀለም ቸኮሌትና ጥቁር ቸኮሌት በመክሰስና በኬክ ሥራችን
(በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



ሒሳብ ክፍል ሲጠራ ሁላችሁም የምትጠብቁት የገቢና የወጪ ሰንጠረዥ እንደሆነ እናውቃለን። እሱ ታትሞ በእጃችሁ ይገኛል። ዛሬ የተሰጠንን ደቂቃ የምንጠቀመው ስለ ቸኮሌት ለመነጋገር ነው። አንዳንዶቻችሁ ፈገግ ስትሉ እያየን ነው፤ ነገሩ ግን ከሰንጠረዡ የራቀ አይደለም። የመጋገሪያ ቡድናችን ከሚገዛቸው ጥሬ ዕቃዎች ውስጥ በግራም ሲሰላ ከቸኮሌት የሚወደድ የለም። በሌላ በኩል ደንበኛ መጥቶ «ያንን ስጡኝ» ብሎ የሚጠቁመውም ቸኮሌት ያለበትን ነው። ስለዚህ ትርፋችንን የሚያመጣውም፣ ካልተጠነቀቅን የሚበላውም እሱ ነው። የቡድኑ እህቶች ከተዘዋዋሪ ብድራችን የወሰዱትን በየወሩ የሚከፍሉት ከዚህ ትርፍ ስለሆነ፣ ጉዳዩ የሁላችንም ነው።

ሁለቱ ቸኮሌቶች ምን ምን ናቸው?

በወጥ ቤታችን ሁለት ዓይነት ቸኮሌት እንጠቀማለን። አንደኛው ልጆቻችን «ኤም ኤንድ ኤም» ወይም «ስማርቲስ» እያሉ የሚጠሩት በስኳር ሽፋን የተለበጠው ባለቀለም ፍሬ ነው። ስማርቲስ በዚህ ስሙ እንግሊዝ አገር ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ1937 ሲሆን፣ ኤም ኤንድ ኤም ደግሞ በ1941 በአሜሪካ ተጀመረ። ስሙ የሁለቱን መሥራቾች፣ የማርስንና የመሪን የስም መነሻ ፊደላት ይዟል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ ወታደሮች ይታደል ነበር፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ቸኮሌቱን በሙቀት ጊዜ ቀልጦ ከመፍሰስ ይጠብቀዋል።

አሠራሩን ማወቅ ለእኛ ይጠቅመናል። ትናንሽ የቸኮሌት ፍሬዎች በሚሽከረከር ትልቅ ከበሮ ውስጥ ይገባሉ፤ የስኳር ሽሮፕ ይረጭባቸዋል፤ ይደርቃል፤ እንደገና ይረጫል። ሽፋኑ በዚህ ዓይነት ንብርብር እየሆነ ይጠነክራል። በመጨረሻ ቀለሙና ማብረቂያው ይከተላል። እንግዲህ ያ የሚያምር ቀለም ያለው ስስ ስኳር ላይ ነው ማለት ነው። ስኳር ደግሞ ውሃ ሲነካው ይሟሟል። ይህን ከያዝን በኋላ ላይ የምንናገረው ሁሉ ግልጽ ይሆናል።

ሁለተኛው ጥቁር ቸኮሌት ነው። የካካዎ ፍሬ እንደ ቡናችን ይቆላል፤ ተፈጭቶ ይልማል፤ ከስኳርና ከራሱ ከካካዎው ከሚወጣ ስብ ጋር ይዋሃዳል። ማሸጊያው ላይ «70 በመቶ» ሲል ከ100 ግራሙ 70ው ከካካዎ የመጣ ነው ማለት ነው፤ የቀረው በአብዛኛው ስኳር ነው። መራራነቱ ከቡና ጋር ሲቀርብ ይወደዳል፤ ጣፋጭ ሊጥ ውስጥ ሲገባም ጣዕሙን ሚዛን ያስይዘዋል።

በአጭሩ፣ ባለቀለሙ ዓይን ይስባል፤ ጥቁሩ ምላስ ላይ ይቀራል። የአንዱን ሥራ ለሌላው ስንሰጥ ገንዘብም ጣዕምም እናጣለን።

ዋጋው ለምን እንዲህ ሆነ?

«አምና በዚህ ዋጋ ነበር የምትሸጡልን» የሚሉን ደንበኞች አሉ። መልሱን ሁላችንም ብናውቀው ጥሩ ነው። ከዓለም ካካዎ ከግማሽ በላዩ የሚመረተው በኮትዲቯርና በጋና ነው። በሁለቱ አገሮች የአየር ጠባዩና የዛፍ በሽታው ምርቱን ስለቀነሰው፣ እ.ኤ.አ. በ2024 የአንድ ቶን ካካዎ ዋጋ በኒው ዮርክ ገበያ ለመጀመሪያ ጊዜ ከ10,000 ዶላር አለፈ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከ12,000 ዶላር በላይ ደርሶ ነበር። በእኛ በኩል ደግሞ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ራሱ በብር ሲታሰብ በጣም ጨመረ። በሱቅ የምናገኘው ቸኮሌት ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ሁለቱም ጭማሪ ተደራርቦ እኛ ዘንድ ይደርሳል። የካካዎ ዋጋ ይውጣም ይውረድ፣ በእጃችን ያለው አንድ ነገር ነው፤ እሱም መመዘን።

ስድስት ፍሬ

አሁን ወደ ብስኩታችን እንምጣ። የምንጠቀምበት ልክ ይህ ነው፦ ዱቄት 300 ግራም፣ የገበታ ቅቤ 170 ግራም፣ ስኳር 150 ግራም፣ አንድ እንቁላል፣ አንድ ያልሞላ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ፓውደር፣ ቁንጥር ጨው። ቅቤውና ስኳሩ አብረው ይመታሉ፤ እንቁላሉ ይጨመራል፤ ዱቄቱ ከቤኪንግ ፓውደሩ ጋር በወንፊት ተነፍቶ ይገባል። ሊጡ በ28 በ28 ግራም ሲከፋፈል 24 ብስኩት ይወጣዋል። በ180 ዲግሪ ከ11 እስከ 13 ደቂቃ ይጋገራል።

ባለቀለሙን ቸኮሌት ሊጡ ውስጥ አናቦካውም። ለዚህ ሦስት ምክንያት አለን። አንደኛ፣ እርጥብ ሊጥ የስኳር ሽፋኑን ያሟሟውና ቀለሙ ወደ ሊጡ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ በኦቨን ሙቀት ውስጡ ያለው ቸኮሌት ሲቀልጥ ይሰፋል፤ ሽፋኑ ግን ስለማይለጠጥ ይሰነጠቃል። ሦስተኛ፣ ሊጥ ውስጥ የተቀበረ ፍሬ ለዓይን አይታይም፤ እኛ የከፈልነው ደግሞ ለዓይኑ ነው። ስለዚህ ብስኩቱ ከኦቨን እንደወጣ፣ ገና ለስላሳ ሳለ፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ በላዩ ላይ ጫን እናደርጋቸዋለን። ፓትራው ላይ እንዳለ ሲቀዘቅዝ ይይዛቸዋል። ቀለሙ እንደነበረ ይቆያል።

ፍሬዎቹን ፍሪጅ ውስጥ አናስቀምጥም። ከፍሪጅ ሲወጡ ላብ ስለሚይዛቸው ቀለማቸው እጅ ላይ ይቀራል። ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ቁም ሣጥን ይበቃቸዋል።

ስንት ፍሬ? የማርሱ ተራ ፍሬ፣ ማለትም ለውዝ የሌለው፣ ከ1 ግራም ጥቂት ያንሳል፤ 0.9 ግራም ብለን እንያዘው። ለአንድ ብስኩት ስድስት ፍሬ እናደርጋለን። 24 ብስኩት 144 ፍሬ፣ ወደ 130 ግራም ይፈጃል።

አሁን እንቁጠር። ዋጋው በየሳምንቱ ስለሚለዋወጥ ለስሌት ብቻ የሚያገለግል ምሳሌ እንውሰድ። 200 ግራም ባለቀለም ቸኮሌት 600 ብር ነው እንበል። ግራሙ 3 ብር፣ አንዱ ፍሬ 2 ብር ከ70 ሳንቲም ሆነ። ስድስቱ 16 ብር ከ20 ይሆናሉ። ለዱቄት፣ ለቅቤ፣ ለስኳርና ለእንቁላል በአንድ ብስኩት 17 ብር፣ ለመብራትና ለማሸጊያ 4 ብር እንያዝ። የጉልበቱስ? ለ24 ብስኩት መጋገር፣ ማሸግና ዕቃ ማጠብ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፤ ሰዓቱን በ90 ብር ብናስበው በአንድ ብስኩት 7 ብር ከ50 ይደርሳል። ድምሩ 44 ብር ከ70 ነው። በ50 ብር ስንሸጠው 5 ብር ከ30 ሳንቲም እናተርፋለን፤ በአንድ ጋገራ 127 ብር ከ20።

አሁን ደግሞ ፍሬው ሳይቆጠር በእፍኝ ተበተነ እንበል፤ አንዱ ብስኩት ላይ ስድስት፣ ሌላው ላይ አሥር፣ በአማካይ ስምንት ሆነ። በእያንዳንዱ ብስኩት ላይ 5 ብር ከ40 ተጨመረ። ያ 5 ብር ከ30 ትርፍ ወደ 10 ሳንቲም ኪሳራ ተለወጠ። ብስኩቱ ያምራል፤ ደንበኛው ይደሰታል፤ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ሁለት ፍሬ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ለጋሾቻችን ይህን ልብ እንድትሉልን እንወዳለን። ኦቨኑን ስትሰጡን አብራችሁ የሰጣችሁን ትንሿ ዲጂታል ሚዛን ከኦቨኑ ያነሰ ጥቅም አልሰጠችንም።

በእኛው መክሰስ ላይ

ቸኮሌት የሚገባው ኬክ ውስጥ ብቻ አይደለም። በየቤታችን የምናውቀው መክሰስ ላይ ጥቂት ሲጨመር ብዙ ያስኬዳል።

ፈንዲሻ። 100 ግራም ፈንዲሻ ፈንድቶ በደንብ እስኪቀዘቅዝ ይጠበቃል፤ ትኩስ ከሆነ ቸኮሌቱን ይመጠውና ይለሰልሳል። 60 ግራም ጥቁር ቸኮሌት ቀልጦ በማንኪያ ጫፍ እንደ ክር ይንጠባጠብበታል። ቸኮሌቱ መርጋት ሲጀምር 30 ግራም ባለቀለም ፍሬ ይበተናል። አሥር ትናንሽ ከረጢት ይሞላል፤ በእያንዳንዱ ሦስት ፍሬ ይደርሳል። ለልደት በዓል ከሚታዘዙን ውስጥ ወጪው ዝቅተኛ የሆነው ይኸው ነው።

ዳቦ ቆሎ። ለ200 ግራም ዳቦ ቆሎ 80 ግራም የቀለጠ ጥቁር ቸኮሌት ይበቃል። በጎድጓዳ ሳህን ተለውሶ፣ በወረቀት ላይ ተነጣጥሎ ይዘረጋል። ዳቦ ቆሎው በዘይት የተሠራ ከሆነ ለጾምም ይሆናል።

ቴምር። ፍሬው ወጥቶ በምትኩ የተቆላ ለውዝ ይገባበታል፤ ግማሹ ድረስ ጥቁር ቸኮሌት ውስጥ ይነከራል። በ100 ግራም ቸኮሌት ወደ 25 ቴምር ይወጣል። በረመዳን ለኢፍጣር፣ በጾም ደግሞ ለቡና ሲሉ የሚወስዱ ደንበኞች አሉን።

ስለ ማቅለጥ

ጥቁር ቸኮሌት ከሰውነታችን ሙቀት ዝቅ ብሎ፣ 34 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። አፍ ውስጥ የሚሟሟው ለዚህ ነው። ስለዚህ ኃይለኛ እሳት አይፈልግም። በደቃቁ ይከተፋል፤ ሙቅ ውሃ ባለበት ድስት ላይ በተቀመጠ ደረቅ ሳህን ውስጥ ይገባል፤ የሳህኑ ቂጥ ውሃውን መንካት የለበትም። ከሦስት እጁ ሁለቱን አቅልጦ፣ ከእሳት አውርዶ፣ የቀረውን አንድ እጅ ጨምሮ ማማሰል ሲደርቅ እንዲያብረቀርቅ ይረዳል።

አንዲት ጠብታ ውሃ ከገባችበት ጓጉሎ እንደ ሸክላ አፈር ይሆናል። ያኔ መጣል አያስፈልግም። ሁለት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ሙቅ ውሃ ጨምሮ አጥብቆ ማማሰል ነው፤ ለኬክ የሚፈስ ወጥ ያለ ማጣፈጫ ይሆናል። ለመንከሪያ ግን ከእንግዲህ አያገለግልም። በቆየ ቸኮሌት ላይ የሚታየው ነጭ ጉም የመሰለ ነገርም ሻጋታ አይደለም፤ በሙቀትና በቅዝቃዜ መፈራረቅ ስቡ ወደ ላይ ወጥቶ ነው። ቀልጦ ቢሠራበት ጉዳት የለውም።

ጾመኛውን አለማሳት

ከሒሳቡ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከሒሳቡ ቀድሞ፣ ልንነጋገርበት የሚገባው ይህ ነው። ዓቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ፣ ነቢያትና ፍልሰታ ሲጨመሩበት የዓመቱ ትልቅ ክፍል ጾም ነው። «የጾም ነው» ብለን የሸጥነውን ደንበኛው የሚበላው እኛን አምኖ ነው። ያንን እምነት ከገዢው ሒሳብ ላይ አንቀንስም።

ባለቀለሙ ቸኮሌት ውስጡ የወተት ቸኮሌት ስለሆነ ለጾም አይሆንም። ጥቁር የሚባለውም ሁሉ የጾም አይደለም፤ አንዳንዱ የወተት ዱቄት ወይም የወተት ስብ አለበት። ስለዚህ የፊቱን ስም ትተን የጀርባውን ጽሑፍ እናነባለን። በእንግሊዝኛው «ሚልክ»፣ «ዌይ»፣ «ላክቶስ»፣ «በተርፋት» የሚሉ ቃላት ካሉ ወተት አለበት። ከዱባይ ለሚመጡት ከዓረብ አገር የተመለሱ እህቶቻችን ባለውለታዎቻችን ናቸው፤ «ሐሊብ» የሚለውን ቃል ወዲያው ያነቡልናል። በቱርክኛው «ሱት» ይላል። በሌላ በኩል «የካካዎ ቅቤ» የሚለው ስም ሊያስደነግጠን አይገባም፤ ቅቤ ይባል እንጂ የላም አይደለም፣ ከካካዎው ፍሬ የሚወጣ ስብ ነው። አንዳንድ ባለቀለም ጣፋጭ ላይ ደግሞ «ኢ 120» የሚል ይገኛል፤ እሱ ከነፍሳት የሚሠራ ቀይ ቀለም ስለሆነ ለሚጠይቀን ደንበኛ በግልጽ እንንገር።

እንደዚሁም በካካዎ ዱቄትና በሌላ የአትክልት ስብ የሚሠራ፣ ዋጋው ዝቅ ያለ የቸኮሌት ዓይነት አለ። ለመለበጥ ይመቻል፤ ብንጠቀምበት ነውር የለበትም። ነውሩ በጥቁር ቸኮሌት ስምና ዋጋ መሸጡ ነው።

ለጾም የምንጋግረው ኬክ ይህ ነው፦ ዱቄት 190 ግራም፣ ስኳር 170 ግራም፣ የካካዎ ዱቄት 20 ግራም፣ ሩብ የጎደለው አንድ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ፣ ቁንጥር ጨው፣ ዘይት 75 ሚሊ ሊትር፣ ውሃ 250 ሚሊ ሊትር፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ አቼቶ። በላዩ 80 ግራም የተከተፈ ጥቁር ቸኮሌት። እንቁላሉን የሚተካው የአቼቶውና የሶዳው መገናኘት ነው፤ ሲገናኙ አረፋ ስለሚያወጡ ኬኩን ያነሱታል። ስለዚህ ከተቀላቀለ በኋላ ሳይቆይ ወደ ኦቨን ይግባ፤ በ180 ዲግሪ ከ30 እስከ 35 ደቂቃ።

ሶዳውንና ስኳሩን ቀነስ ያደረግነው በምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ኬክም ፈጥኖ ይነፋና መሐሉ ሳይጸና ይወድቃል። ከውጭ የመጣ የአሠራር ጽሑፍ ሲገጥመን ማንሻውን በሩብ ያህል፣ ስኳሩን በአንድ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ቀንሰን፣ ፈሳሹን ጥቂት እንጨምራለን።

ልጆችና ጤና

ለትናንሽ ልጆች በዓል ስንጋብዝ ጠንካራ ፍሬና ሙሉ ለውዝ ማነቅ ይችላል። ከአምስት ዓመት በታች ላሉ ልጆች ለውዝ ያለበትን ባለቀለም ቸኮሌት አንሰጥም። ለውዝ የማይስማማው ልጅ መኖር አለመኖሩን ትእዛዝ ስንቀበል እንጠይቅ። ስኳር በሽታ ላለባቸው እናቶቻችንም እውነቱን እንንገራቸው። በ100 ግራም ባለቀለም ቸኮሌት ውስጥ ከ60 ግራም በላይ ስኳር አለ። ባለ 70 በመቶው ጥቁር ቸኮሌት ግማሽ ያህሉን ይዟል፤ ያነሰ ነው እንጂ የለበትም ማለት አይደለም።

ለጉባኤው የምናቀርበው

ከመጋገሪያ ቡድኑ ጋር ተመካክረን ሦስት ነገር እንዲወሰንልን እንጠይቃለን።

አንደኛ፣ ማንኛውም ቸኮሌት ሳይመዘን ወይም ሳይቆጠር ወደ ሥራ አይግባ። የየዕለቱ ልክ በግድግዳው ሠሌዳ ላይ ይጻፍ።

ሁለተኛ፣ ለጾም ሥራ የተለየ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ይኑር፤ የቸኮሌቱ ማሸጊያም ዕቃው ተሸጦ እስኪያልቅ አይጣል። ደንበኛ ሲጠይቅ አውጥተን እናሳይ።

ሦስተኛ፣ የእያንዳንዷ እህት የሥራ ሰዓት እንደ ዱቄቱና እንደ ቅቤው በመዝገብ ይስፈር። ሰዓታችንን ያልቆጠርንበት ዋጋ ርካሽ የሚመስለው የእኛን ጉልበት በነፃ ስለሰጠን ነው። ቤታችን ውስጥ ስንጋግር ማንም አልቆጠረልንም፤ በማኅበራችን ውስጥ ግን እርስ በርሳችን እንቆጣጠርለት፣ እንቆጥርለት።

ለጋሾቻችን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ሌላ ኦቨን አይደለም። የጾም ዕቃውን ለብቻው የምናስቀምጥበት አንድ መደርደሪያና አንድ ተጨማሪ ሚዛን ቢገኝልን የቀረውን እኛው እንወጣዋለን።

ከስብሰባው በኋላ በስተኋላ ባለው ጠረጴዛ ላይ ሁለት ፓትራ ተዘጋጅቷል። በቀኝ ያለው የጾም ነው፤ ማሸጊያው አጠገቡ አለ፣ አንብቡት። በግራ ያለው ባለስድስት ፍሬው ብስኩት ነው፤ ቁጠሩት። ቡናውም ፈልቷል።